ማን አለ? የት አለ? መቼ አለ?



ሩዝ ወደ ፎገራ መቼ ገባ? ማንስ አመጣው? ለፎገራዋ ከተማ ለወረታ ሰው ጥያቄው ከባድ አይደለም። በዕድሜ የገፋ ገበሬ ቢጠየቅ «በደርግ ጊዜ ነው፤ ኮርያዎች ናቸው ያመጡት» ብሎ ይገላገላል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ግን እንዲህ ብሎ ሊገላገል አይችልም። ዓመቱን ይጠየቃል፣ ምንጩንም ይጠየቃል። ስለዚህ ስልኩን ያወጣል። አንዱ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሩዝ ፎገራ የገባው በ1970ዎቹ ነው ይለዋል። ሌላው፣ እሱም እንግሊዝኛ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይላል። በአማርኛ የተጻፈው ደግሞ «በ1970ዎቹ» ብሎ ያልፋል። ተማሪው ፊት ለፊት ያገኘውን ይገለብጥና ከጎኑ በቅንፍ አንድ ስምና ዓመት አስቀምጦ ወደሚቀጥለው አንቀጽ ይሻገራል።

ሦስቱ ጽሑፎች የተጣሉ ይመስላሉ። ዘመን አቆጣጠሩ ሲሰላ ግን ጠቡ ይረግባል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1970ዎቹ የሚባሉት ከመስከረም 1970 እስከ ጳጉሜን 1979 ያሉት ናቸው፤ በአውሮፓውያን ከ1977 እስከ 1987 መሆኑ ነው። የአውሮፓውያኑ 1970ዎቹ ደግሞ ወደ እኛ ሲመለሱ ከ1962 እስከ 1972 ይሆናሉ። በአንድ ስም የሚጠሩት ሁለት አሥርት ዓመታት የሚገናኙት ለሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ነው። እንግዲህ «በ1980ዎቹ መጀመሪያ» ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍና «በ1970ዎቹ» ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ስለ አንድ ጊዜ እየተናገሩ ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝኛ «በ1970ዎቹ» ያለውስ? የአማርኛውን ቁጥር ሳያሰላ እንዳለ ወስዶት ይሆናል፤ ወይም ደግሞ በእጁ ሌላ ማስረጃ ይኖረዋል። ይህን የሚፈታው ጸሐፊው ቁጥሩን ከየት እንዳገኘው ሄዶ ማየት ብቻ ነው። የዛሬው ዲስኩር ዋና ጉዳይም ይኸው ነው።

በአገራችን የዳኝነት ልማድ ያየ ምስክርና የሰማ ምስክር እኩል ሚዛን አይደፉም። በኢንተርኔት ላይ ግን የሰማው፣ ከሰማው የሰማውና ያላየውም ያልሰማውም በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ፤ ሁሉም በተመሳሳይ ፊደል፣ በተመሳሳይ ልበ ሙሉነት ይናገራሉ። አሥር ገጾች አንድ ዓመት ቢጠቅሱ አሥር ማስረጃ ተገኘ ማለት አይደለም። ዘጠኙ ከአንዱ የቀዱ ሊሆኑ ይችላሉና። ጥሩ ተማሪ የጽሑፉን መጨረሻ ገልጦ የማጣቀሻ ዝርዝሩን ያያል፤ እዚያ የተጠቀሰውን ያገኛል፤ የእርሱንም መጨረሻ ገልጦ እንደገና ያያል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ወደ ኋላ ሲሄድ ወይ የመጀመሪያው ሰነድ ላይ ይደርሳል፣ ወይም ክሩ የሚበጠስበትን ቦታ ያገኘዋል። የተበጠሰበትን ማወቅም ራሱ ግኝት ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ ሊሰፍር ይገባዋል።

የፎገራው ተማሪ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው ማለት ይቻላል። የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው እዚሁ ወረታ ነው። የግብርና ሚኒስቴር የአገሪቱን የሩዝ ምርምርና ልማት ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2010 አውጥቷል። በዓለም አቀፉ የእንስሳት እርባታ ምርምር ተቋም (ኢልሪ) በኩል ይካሄድ የነበረው የኢትዮጵያ ገበሬዎች ምርታማነትና የገበያ ስኬት ማሻሻያ ፕሮጀክት ፎገራን ከአሥሩ የመማሪያ ወረዳዎቹ አንዷ አድርጎ ለዓመታት ሠርቶባታል፤ ሪፖርቶቹም ሲጂስፔስ በተባለው ክፍት ማኅደር ያለ ክፍያ ይወርዳሉ። ሰነዶቹ የዱር ሩዝ በዚህ ረግረጋማ ሜዳ ቀድሞም ይታይ እንደነበር ይናገራሉ። ከሰሜን ኮርያውያን ባለሙያዎች ጋር የተጀመረውን ሙከራም ከገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ያያይዙታል። ገበሬው ለረጅም ዘመን የሙጥኝ ያለው ዝርያ ኤክስ ጅግና የሚባለውም በጅግና ቀበሌ ስም ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ ይባል። እነዚህ ሰነዶች ስለ ምርት መጠን፣ ስለ ዝርያና ስለ ገበያ ሲጽፉ የራሳቸውን ጥናት ነው የሚያቀርቡት። ስለ ሩዝ አገባብ ሲጽፉ ግን መግቢያቸውን ለማሳመር አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጣል አድርገው ያልፋሉ። የግብርና ኢኮኖሚ ተመራማሪ ለገበያው ያየ ምስክር ነው፤ ለታሪኩ ደግሞ የሰማ። ስለዚህ አንድን ጽሑፍ «ታማኝ ነው» ወይም «ታማኝ አይደለም» ብሎ በጅምላ መፈረጅ አይበጅም። በየትኛው ጉዳይ ላይ ታማኝ ነው ተብሎ ነው የሚጠየቀው።

የመጀመሪያዎቹን የሩዝ ማሳዎች ያረሱ ሰዎች ከጅግናና ከአካባቢው ቀበሌዎች ዛሬም አይጠፉም። ቃላቸው በወጉ ከተወሰደ የተከበረ ምንጭ ነው። በወጉ ማለት ተናጋሪው ፈቅደው፣ ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ ቀበሌያቸውና ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቀን ተመዝግቦ ማለት ነው። «የአካባቢው ሽማግሌዎች እንደሚሉት» የሚለው አጻጻፍ ግን ማንንም አይጠቅስም። ኋላ የሚመጣ አጥኚ የትኛውን ሽማግሌ ፈልጎ ይጠይቅ?

ዋናውን ሰነድ አለማግኘት ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት ከዚሁ ከጣና ዙሪያ የሚጠቀስ አንድ የቆየ ሙግት አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ዓባይ ምንጭ ሄደ፤ ግሽ ዓባይ የደረሰውም በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነበር። በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ ምንጩን ያየ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ አለ። ችግሩ ከእርሱ 152 ዓመት በፊት፣ በ1618፣ ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ያንኑ ቦታ ማየቱ ነው። የፓኤዝን ቃል አትናቴዎስ ኪርከር የተባለ ጀርመናዊ ምሁር በመጽሐፉ ጠቅሶት ስለነበር አውሮፓ ያውቀዋል። ብሩስ ግን የፓኤዝን ጽሑፍ ቅጂዎች አይቼ ያ ቃል አልተገኘባቸውም ሲል ተከራከረ። የፓኤዝ መጽሐፍ ያን ጊዜ ገና አልታተመም፤ በእጅ ጽሑፍ ብቻ ነበር። አንባቢው ሄዶ ሊያረጋግጥ ስላልቻለ ጉዳዩ በማመንና ባለማመን ላይ ቆሞ ቀረ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1905 እና 1906፣ ካሚሎ ቤካሪ የፓኤዝን ታሪክ በፖርቱጋልኛ ሲያሳትመው የግሽ ዓባዩ ገለጻ ቁልጭ ብሎ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ወጣ።

ፓኤዝ ጎርጎራ ከሞተ ከ280 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው የተፈረደለት። የፈረደለትም ገጹ ተገልጦ ሊታይ የሚችል ሰነድ ነው። የገጽ ቁጥር መጻፍ ለመምህር ደስታ የሚደረግ ሥርዓት የሚመስለው ተማሪ ይህን ታሪክ ቢያስብ ይጠቅመዋል።

ወደ ዘመናችን ስንመለስ፣ ቁጥር ያለበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ በተለይ ይጠርጠር። ስለ ወረታ የሚጻፍ ማናቸውም ጥናት ከመግቢያው ላይ የሕዝብ ብዛት ያስቀምጣል። ኢትዮጵያ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ተራዝሟል። ከዚያ ወዲህ የሚጠቀስ የሕዝብ ቁጥር ሁሉ ከቆጠራው ተነሥቶ የተሰላ ትንበያ ነው፤ ካልሆነም አንድ መሥሪያ ቤት ለራሱ ሥራ የመዘገበው ነው። ትንበያ መጥቀስ ነውር የለበትም። ነውሩ ትንበያን ቆጠራ አስመስሎ ማቅረብ ነው። የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ቆጠራውንም ትንበያውንም ለየብቻ ያሳትማል፤ ከዚያ የወሰደ ሰው የትኛውን እንደወሰደ በአንድ ቃል መጻፍ አያቅተውም።

ዊኪፔዲያስ? ብዙ መምህራን ስሙ ሲነሣ ይቆጣሉ። ቁጣው ግማሽ እውነት አለው። ዊኪፔዲያ ለመነሻ ጥሩ ነው፤ ለመድረሻ አይሆንም። ከገጹ ግርጌ ያሉት ማጣቀሻዎች ከገጹ ጽሑፍ ይልቅ ዋጋ አላቸው፤ ብልህ ተማሪ ከታች ጀምሮ ያነበዋል።

አሁን ደግሞ የፎገራ ሜዳ ሰዎች በሥጋቸው የሚያውቁት አንድ ጉዳይ ይነሣ። በ1997 ዓ.ም. ግድም በሊቦ ከምከምና በፎገራ ትኩሳቱ አልለቅ ያለ፣ ሆድ የሚያሳብጥና ሰውነት የሚያከሳ በሽታ ሰዎችን ይገድል ጀመር። በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2005 ካላዛር መሆኑ ታወቀ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ የሕክምና ማዕከል ከፍተው ሠሩ። ካላዛር እንደ ሁመራና መተማ ባሉ ቆላማ ቦታዎች የሚታወቅ እንጂ በዚህ ደጋማ አካባቢ እምብዛም ያልታየ ስለነበር ነገሩ የተመራማሪዎችን ዓይን ሳበ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወረርሽኙን ጥናት የአሜሪካው የትሮፒካል ሕክምናና ሃይጂን ጆርናል አወጣው፤ ሌሎችም ተከተሉ።

አንድ የወረታ ተማሪ በዚህ ርእስ ላይ ሊጽፍ ተነሣ እንበል። በጉግል «ካላዛር ፎገራ» ብሎ ቢፈልግ የዜና ቁራጭ፣ የፌስቡክ ጽሑፍና የድርጅቶች ማስታወቂያ ይቀድመዋል። በጉግል ስኮላር ወይም በፐብሜድ ቢፈልግ ግን በቀጥታ ጥናቶቹ ይመጡለታል። ፐብሜድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው የጥናቱ አጠቃሎ (አብስትራክት) ነው። አጠቃሎ አንብቦ ሙሉውን እንዳነበበ አድርጎ መጥቀስ የተለመደ ማጭበርበር ሆኗል፤ በአጠቃሎው ያልተነገረው ገደብ፣ ማለትም ስንት ሰው እንደተጠና፣ በየትኛው ቀበሌ፣ ማን እንደተዘለለ፣ ያለው ከውስጥ ነው። ሙሉው ጽሑፍ ክፍያ ከጠየቀ ሦስት ነገር መሞከር ይቻላል። የመጀመሪያው በጉግል ስኮላር ከርእሱ ሥር «ሁሉም ቅጂዎች» የሚለውን መንካት ነው፤ ነፃ ቅጂ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል። ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትን መጠየቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ፣ በዓመቱ የምግብና እርሻ ድርጅት ያስከተለው አጎራ፣ ዛሬ በሪሰርች ፎር ላይፍ ጥላ ሥር ሆነው በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ላሉ ተቋማት ጆርናሎችን ያለ ክፍያ ወይም በትንሽ ክፍያ ይከፍታሉ። ሦስተኛው ለደራሲው በኢሜይል መጻፍ ነው። የሚያፍር ተማሪ ብዙ ነው እንጂ ደራሲዎች ጽሑፋቸውን ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ ደስ እያላቸው ይልካሉ።

ፍለጋ ላይ አንድ የሚያናድድ እንቅፋት አለ። የአካባቢያችን ስሞች በላቲን ፊደል ወጥ አጻጻፍ የላቸውም። ወረታን አንዱ ከደብልዩ ቀጥሎ በኦ፣ ሌላው በኢ ይጽፋታል። የርብን ወንዝ አንዱ በአንድ ቢ፣ ሌላው በሁለት ቢ። በአንዱ አጻጻፍ ብቻ የፈለገ ሰው «በዚህ ርእስ የተጻፈ ነገር የለም» ብሎ ይደመድማል፤ ይህም ድምዳሜ በስንት የመመረቂያ ጽሑፍ መግቢያ ላይ «የጥናቱ አስፈላጊነት» ሆኖ ይነበባል። በአማርኛም ቢሆን አባይና ዓባይ፣ ሀይቅና ሐይቅ ለኮምፒውተር ሁለት ቃል ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በላይ በተማሪው እጅ በብዛት የሚገኘው ግን በቴሌግራም የሚዞረው ሶፍት ኮፒ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ አስቀድሞ የወረደ ፋይል ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ሁሉም አይቶታል። የሰው እጅ ለእጅ መተባበሩ የሚያስመሰግን ነው። ፋይሉ ግን ብዙ ጊዜ ሽፋኑን አጥቶ ነው የሚደርሰው። ስሙ «ምዕራፍ ሁለት የመጨረሻ አዲሱ» ነው፤ ደራሲ የለው፣ ዓመት የለው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የያዘ ተማሪ ምን ያድርግ? ከመካከሉ ያልተለመደ አንድ ዓረፍተ ነገር ይምረጥ፤ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብቶ በጉግል ይፈልገው። መጽሐፍም ሆነ ጆርናል ላይ የወጣ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ብቅ ይላል። የዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፍ ከመሰለውም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የመመረቂያ ጽሑፎች ማኅደርና ናድሬ የሚባለውን ብሔራዊ የአካዳሚክ ዲጂታል ማኅደር ይይ። ባለቤቱ ጨርሶ ካልተገኘ ጽሑፉን ለግል ዕውቀቱ ያንብበው፤ በማጣቀሻነት ግን አያቅርበው።

የወረደ ነገር ሁሉ በወረደበት ደቂቃ ሦስት ነገር ቢጻፍበት ይበጃል፦ ማን ጻፈው፣ ከየት ወረደ፣ መቼ ታየ። ድረ ገጽ ይለወጣል፣ ይጠፋል። የተጠቀሰው ገጽ ነገ ቢጠፋ ተማሪውን የሚያድነው የታየበት ቀንና ያስቀመጠው ቅጂ ነው።

አሁን አዲስ የመጣው ፈተና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ቻትጂፒቲን «ስለ ፎገራ ሩዝ አሥር ማጣቀሻ ስጠኝ» ያለ ተማሪ አሥሩንም ያገኛል። የደራሲ ስም፣ ርእስ፣ የጆርናል ስም፣ ቅጽ፣ ገጽ፣ ምንም አይጎድለውም። ከአሥሩ ግን የሌሉም ሊገኙባቸው ይችላሉ፤ ማሽኑ እውነት የሚመስል ነገር አቀናብሮ ይሰጣልና። ይህ በተማሪ ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች በአቪያንካ አየር መንገድ ላይ በቀረበ ክስ፣ ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን ፈጽሞ ያልነበሩ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው ለፌደራል ፍርድ ቤት አቀረቡ። ዳኛው መዝገቦቹን ቢያስፈልጉ የሉም። ጠበቆቹም አምስት ሺሕ ዶላር ተቀጡ። መከላከያው ከባድ አይደለም። ዛሬ አብዛኛው የጆርናል ጽሑፍ ዲኦአይ የሚባል መለያ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ተጽፎ ወደ ጽሑፉ ካልወሰደ፣ ርእሱም በጉግል ስኮላር ካልተገኘ፣ ያ ማጣቀሻ ይሰረዝ። ያላነበቡትን አለመጥቀስ ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል።

ታትሞ የወጣ ሁሉ የታመነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ለሳይንስ መጽሔት አንድ ሙከራ አደረገ። ማንኛውም ገምጋሚ ሊያየው የሚገባ ጉልህ ስሕተት የተሞላበት የውሸት ጥናት አዘጋጅቶ፣ በሌሉ ሰዎችና በሌሉ የአፍሪካ ተቋማት ስም፣ ለ304 ክፍት ጆርናሎች ላከ። 157ቱ እናትማለን አሉ። ገንዘብ ተቀብለው ሳይገመግሙ የሚያትሙ ጆርናሎች ዛሬም በኢሜይል ሳጥን ይርመሰመሳሉ፤ ስማቸው «ዓለም አቀፍ» በሚል የሚጀምር፣ በሦስት ቀን እናትማለን የሚሉ። ተማሪው የጆርናሉን ስም በአፍሪካ ጆርናሎች ኦንላይን ወይም ክፍት ጆርናሎችን በሚመዘግበው ዶአጅ ላይ ይፈልግ። የአገር ውስጥ ጆርናል ከሆነ ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር ገምግሞ ዕውቅና ከሰጣቸው መካከል መኖሩን ያጣራ። አለመገኘቱ ብቻውን ፍርድ አይደለም፤ ጥርጣሬ ግን ይጨምራል።

የአጠቃቀስ ሥርዓቱ ላይ የፈረንጁን ደንብ እንዳለ መቅዳት ኢትዮጵያዊውን ያስቸግራል። ደንቡ የቤተሰብ ስምን አስቀድም ይላል። ኢትዮጵያዊ የአባቱ ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። የታሪክ ጸሐፊውን ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ፣ ባ.» ብሎ መጻፍ መጽሐፉን ለአባቱ መስጠት ነው፤ ታደሰ ታምራትንም «ታምራት፣ ታ.» እንደዚሁ። ጉግል ስኮላር በራሱ ያወጣውን ማጣቀሻ የሚቀዳ ተማሪ ይህን ስሕተት ያለ ሐሳብ ይወርሰዋል። የኢትዮጵያ ጥናት ባለሙያዎች የቆየ ልማዳቸው በራስ ስም መጀመር ነው፤ ባሕሩ ዘውዴ በ«ባ» ይፈለጋል። መምህሩ የፈረንጁን መልክ የግድ ካለ እንኳ ሙሉ ስሙ ሳያጥር ይጻፍ።

ዓመተ ምሕረቱም ያው ነው። የባሕሩ ዘውዴ የታሪክ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ከ1855 እስከ 1991 ይላል፤ በአማርኛ ከ1847 እስከ 1983። የሚያወራው ስለ አንድ ዘመን ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአማርኛ አዋጅ ቁጥር 1/1987 ነው፤ በእንግሊዝኛ 1/1995። የቅጂ መብት አዋጁም በአማርኛ 410/1996፣ በእንግሊዝኛ 410/2004 ይባላል። ይህን ያላወቀ ተማሪ በአንድ ገጽ ላይ አንዱን ሕግ ሁለት ሕግ አድርጎ ሲያነጻጽር ሊገኝ ይችላል። መፍትሔው ከቁጥሩ ኋላ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጻፍ ነው። ይኸው ነው። እርግጥ የቅጂ መብት አዋጁን የጠቀስነው በአጋጣሚ አይደለም፤ የሌላውን ሥራ በመጠኑ መጥቀስን ይፈቅዳል፣ ምንጩንና የደራሲውን ስም መግለጽን ግን ይጠይቃል። በከተሞቻችን የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቆች ስም ብቻ ተቀይሮ የሚሸጠው የመመረቂያ ጽሑፍ ከነውርም በላይ ነው።

ስለ ቤተ መጻሕፍት ሲነሣ ብዙ ሰው አዲስ አበባን ያስባል። ትክክል ነው፤ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ እዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም እዚያ ነው፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም እንዲሁ። በቅርብም ግን አለ፤ ከወረታ ስድሳ ኪሎ ሜትር ግድም ርቀት ላይ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ወደ ምሥራቅ ዳገቱን ሲወጡ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ፤ ወደ ሰሜን ጎንደር። ከተማው ውስጥም የግብርና ኮሌጁ አለ። የጣና ገዳማት የብራና መጻሕፍት እንኳ ሳይነኩ የሚነበቡበት መንገድ ተከፍቷል፦ ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአገሪቱ በማይክሮፊልም የተነሡት ብራናዎች ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት ካታሎግ አዘጋጅተውላቸው፣ ዛሬ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይታያሉ። ብራና ሲጠቀስ የመዝገብ ቁጥሩና የቅጠሉ ቁጥር ይጻፋል፤ «ከአንድ ጥንታዊ ብራና» ማለት አይበቃም።

ቤተ መጻሕፍት የገባ ተማሪ ብዙ ጊዜ መደርደሪያው መካከል ግራ ገብቶት ይመለሳል። የዴዊን አመዳደብ በሚከተል ቤት ሩዝ 633.18 ላይ ነው፤ የኢትዮጵያ ታሪክ 963። ቁጥሩን አንዴ ያወቀ ሰው ከፈለገው መጽሐፍ ግራና ቀኝ ያልፈለገውን ግን የሚያስፈልገውን ያገኛል፤ ይህን ስልክ ገና አልተካውም። ከሁሉ በፊት ግን ባለሙያውን መጠየቅ ነው። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሥራው ዝምታ ማስከበር ብቻ የሚመስለው ተማሪ የተቋሙን ትልቁን ሀብት ሳይነካው ይመረቃል።

አንድ ልመና ለተቋማቱ ኃላፊዎች ይቅረብ። ስለ ፎገራ ሩዝ፣ ስለ ፎገራ ከብት፣ ስለ ርብና ጉማራ ጎርፍ፣ ስለ ካላዛር የተሠሩ የተማሪ ጥናቶች በየዓመቱ ይቀርባሉ። ውጤት ከተሰጠባቸው በኋላ ብዙዎቹ ካርቶን ውስጥ ገብተው ከመጋዘን ይቀራሉ። ተማሪዎቹ ከገበሬው አፍ የወሰዷቸው ቃለ መጠይቆች፣ ዛሬ ያሉ ሽማግሌዎች ሲያልፉ ሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው። እያንዳንዱ ጥናት አንድ ቅጂው በተቋሙ ቤተ መጻሕፍት ይመዝገብ፤ ሶፍት ኮፒው ወደ ናድሬ ይላክ፤ መምህሩም ከማጣቀሻ ዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ሦስቱን መርጦ «ይህን ገጽ አሳየኝ» ይበል። ተማሪው ገጹን ከፍቶ ማሳየት ካልቻለ ጽሑፉ ተመልሶ ይሰጠው።